የቆመን ልብ በእጅ ያሠሩት መሐንዲስ

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ልቡ በድንገት ለቆመ ሰው የነበረው ተስፋ አንድ ብቻ ነበር። እሱም በሆስፒታል ውስጥ፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ባለበት መገኘት ነው። ሐኪሙ ደረቱን ቀድዶ፣ በጎድን አጥንቶቹ መካከል እጁን አስገብቶ፣ ልቡን በመዳፉ ይዞ እየጨመቀ ደሙን ሊያዘዋውርለት ይሞክራል። በመንገድ፣ በማሳ፣ በወንዝ ዳር ወይም በኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር ለወደቀ ሰው ግን ይህም ተስፋ አልነበረም። በዙሪያው የተሰበሰቡት ሰዎች ሁለት ሁለት ጤነኛ እጅ ይዘው ከማልቀስ በቀር የሚያደርጉት አያውቁም ነበር።

እነዚያ ባዶ እጆች ሕይወት ሊያቆዩ እንደሚችሉ ለዓለም ካሳዩት ሰዎች መካከል ቀዳሚው ሐኪም አልነበሩም፤ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበሩ። ስማቸው ዊሊያም ቤኔት ኮወንሆቨን ይባላል። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ኮረንቲን፣ ሞገድንና ኀይልን በመለካት ነው። በስተመጨረሻ የደረሱበት መልስ ግን ኮረንቲም ኾነ መሣሪያ የማይፈልግ ኾኖ ተገኘ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮወንሆቨን የተወለዱት ጃንዋሪ 13 ቀን 1886 በአሜሪካ በብሩክሊን ነው። ብሩክሊን ያኔ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የኒው ዮርክ አካል ናት። እሳቸው ሲወለዱ ቶማስ ኤዲሰን በኒው ዮርክ፣ በፐርል ጎዳና የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያቸውን ሥራ ካስጀመሩ ገና አራት ዓመት አልሞላም ነበር። ሕፃኑና የኤሌክትሪክ መብራት አብረው አደጉ ማለት ይቻላል። ኮወንሆቨን በብሩክሊን ፖሊቴክኒክ ተምረው በ1906 በኤሌክትሪክ ምሕንድስና፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በመካኒካል ምሕንድስና ተመረቁ። ከዚያም ወደ ጀርመን ተሻግረው በካርልስሩኸ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት በ1913 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በ1914 በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። በ1930 ፕሮፌሰር፣ በ1938 ደግሞ የምሕንድስና ትምህርት ቤቱ ዲን ኾኑ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ሳይለቁ ሸመገሉ።

በዚያ ዘመን አሜሪካ በኤሌክትሪክ ሽቦ እየተሸፈነች ነበር። ከተማውም ገጠሩም መብራት ይፈልጋል። ምሰሶ ተከላው፣ ሽቦ ዝርጋታውና ጥገናው በሰው እጅ የሚሠራ ነበር። መብራቱ በተስፋፋ ቁጥር በምሰሶ ላይ እንዳሉ ኮረንቲ የሚገድላቸው የመስመር ሠራተኞች ቁጥርም አሳሳቢ ኾነ። ሠራተኛው በወጣትነቱ ጠዋት ከቤቱ ይወጣል፤ ቁስል እንኳ ሳይታይበት አስከሬኑ ይመለሳል። ኮረንቲ ሰውን የሚገድለው እንዴት ነው የሚለውን ጥያቄ በትክክል የሚመልስ አልነበረም። የኤሌክትሪክ ድርጅቶቹ ጉዳዩ ያሳስባቸው ስለነበር መልስ ፈለጉ። በ1920ዎቹ በሮክፌለር ኢንስቲትዩት ድጋፍ ምርምር ሲጀመር የጆንስ ሆፕኪንስ ምሁራን ተካፈሉበት። ኮወንሆቨንም ከፊዚዮሎጂ ምሁሩ ከዶናልድ ሁከር እና ከነርቭ ሐኪሙ ከኦርቴሎ ላንግወርዚ ጋር በአንድ ቤተ ሙከራ ተሰለፉ።

የመሐንዲሱ ድርሻ ኮረንቲውን መለካት ነበር። ከማመንጫ ጣቢያ ወደ ቤት የሚመጣው ኮረንቲ እንደ ወንዝ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ አይደለም። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚመላለስ ሞገድ ነው። በአሜሪካ በሰከንድ 60 ጊዜ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። የሰው ልብም የሚሠራው በኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። በልብ የላይኛው ቀኝ ክፍል ከሚገኝ ትንሽ ቦታ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ይነሣል፤ በልብ ጡንቻ ላይ ተራ በተራ ይዛመታል፤ ጡንቻው ሲኮማተርም ደም ይገፋል። ያረፈ ሰው ልብ ይህን በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ያደርገዋል።

ምርምሩ እንዳሳየው ከውጭ የሚመጣው ፈጣን ሞገድ በደረት በኩል ሲያልፍ ይህን ሥርዓት ያፈርሰዋል። ለዚህም ብዙ ኮረንቲ አያስፈልግም። በልብ በኩል ካለፈ ከአንድ አምፔር አንድ ዐሥረኛው ያህል እንኳ ሊገድል ይችላል። አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል በቤት ውስጥ የሚወስደው ኮረንቲ ከዚህ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው።

ልብ በኮረንቲ ሲመታ የሚኾነውን ለመረዳት የደረሰ የጤፍ ማሳን ማሰብ ይጠቅማል። ነፋስ በማሳው ላይ ሲያልፍ ሰብሉ ከአንዱ ዳር ጀምሮ ተራ በተራ ይተኛል፤ ተራ በተራም ይነሣል። ማዕበሉ ከዳር እስከ ዳር በሥርዓት ይጓዛል። ጤናማ ልብ እንዲህ ነው። ዐውሎ ነፋስ የገባበት ማሳ ግን ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ይዘነበላል፤ እንቅስቃሴ አለ፣ ማዕበል ግን የለም። ሥርዓቱን ያጣ ልብም እንዲሁ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይመታም። ደም ስለማይገፋ የደም ዝውውሩ በቅጽበት ይቆማል። ሰውየው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል።

ሦስቱ ተመራማሪዎች በእንስሳት ላይ ባደረጉት ሙከራ አስገራሚ ነገር አገኙ። ልብን ያወከው ኮረንቲ ልብን ሊያስተካክልም ይችላል። በሚንቀጠቀጥ ልብ ላይ አንድ ጠንከር ያለና አጭር ንዝረት ሲለቀቅበት ጡንቻው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተኮማትሮ ጸጥ ይላል። ከጸጥታው በኋላም የልብ የራሱ ምልክት እንደ ገና ሊነሣና ማዕበሉ ሊመለስ ይችላል። ይህን በ1933 አሳተሙ። ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም፤ ፕሬቮ እና ባቴሊ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1899 በስዊዘርላንድ ጄኔቫ ተመሳሳይ ነገር አይተው ነበር። የእነሱ ግኝት ግን ለዐሥርት ዓመታት ብዙም ሳይታወቅ ኖረ። በሰው ላይ የተሳካው ደግሞ በ1947 ነው። ክላውድ ቤክ የተባሉ የክሊቭላንድ ቀዶ ሐኪም በቀዶ ሕክምና ላይ እያለ ልቡ የታወከበትን የ14 ዓመት ልጅ በተከፈተ ደረቱ በኩል ልቡን በንዝረት መልሰው አዳኑት።

ኮወንሆቨን ግን ሐሳባቸው ከሆስፒታሉ ግድግዳ ውጭ ነበር። ምሰሶ ሥር የወደቀውን ሠራተኛ ደረት ማን ይከፍታል? ንዝረቱ ደረት ሳይከፈት ከቆዳ በላይ የሚሰጥበት መሣሪያ መሥራት አለብኝ ብለው ከ1950 ጀምሮ ተነሡ። በ1954 ከዲንነታቸው በጡረታ ሲሰናበቱ ዕድሜያቸው 68 ነበር። እኩዮቻቸው ወንበራቸውን ወደ በረንዳ በሚያወጡበት ዕድሜ እሳቸው በአልፍሬድ ብላሎክ ይመራ በነበረው የቀዶ ሕክምና ክፍል ቤተ ሙከራ ተሰጥቷቸው ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1956 ፖል ዞል የተባሉ የቦስተን ሐኪም ደረት ሳይከፈት በተሰጠ ንዝረት የሰዎችን ልብ መመለስ እንደሚቻል አሳዩ። በ1957 የኮወንሆቨን መሣሪያም ለሆስፒታሉ አገልግሎት ደረሰ።

መሣሪያው ግን በጎማ የሚገፋ ከባድ ሣጥን ነበር። ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው እስኪደርስ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ልቡ የቆመ ሰው አንጎል ደግሞ ደቂቃዎችን አይታገሥም። ደም ካቋረጠበት ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ልብን የሚያስተካክለው መሣሪያ ሲደርስ የሚስተካከል ሰው ላይገኝ ይችላል። ከ30 ዓመት ድካም በኋላ የቀረው እንቅፋት ጊዜ ኾነ። ልብ ሳይመታ ደሙን እያዘዋወሩ ማቆየት የሚቻልበት መንገድ አስፈለገ።

መንገዱ በ1958 በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ታየ። ጋይ ኒከርቦከር የሚባሉ ወጣት የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ በቤተ ሙከራው ይሠሩ ነበር። በሙከራ ላይ ያለ ውሻ ልቡ ሲታወክ የመሣሪያው ከባድ ሰሌዳዎች በደረቱ ላይ ይጫናሉ፤ ከዚያም ንዝረቱ ይለቀቃል። የደም ግፊቱን የሚመዘግበው መሣሪያም በሙከራው ጊዜ ሁሉ ይሠራል። ልብ ሲቆም መስመሩ ይተኛል። ኒከርቦከር ያዩት ግን ንዝረቱ ገና ሳይለቀቅ፣ ሰሌዳዎቹ ደረት ላይ ተጭነው ባረፉበት ቅጽበት የተኛው መስመር ብድግ ማለቱን ነው። በማይመታ ልብ ውስጥ ትንሽ የግፊት ሞገድ ተፈጥሮ ነበር።

ለሌላ ዐይን ያ ትንሽ ብድግታ የመሣሪያ ስሕተት ሊመስል ይችል ነበር። ሞገድ ሲያነቡ የኖሩ መሐንዲሶች ግን ያለ ኀይል ሞገድ እንደማይነሣ ያውቃሉ። የግፊት ሞገድ ከታየ አንድ የገፋ ኀይል አለ ማለት ነው፤ ኀይሉም በደረት ላይ የተጫነው ክብደት ነበር። ከዚያ ቀጥሎ የተነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ በድንገት የተፈጠረው አንድ ሞገድ ታስቦ በተከታታይ ቢደጋገም ደም ይዘዋወራል ወይ?

ነገሩን ለመረዳት የአንጥረኛውን ወናፍ መመልከት ይበቃል። ልብ ያለው በሁለት አጥንቶች መካከል ነው፤ ከፊቱ የደረት አጥንት፣ ከኋላው አከርካሪ አለ። የደረት አጥንት ወደ ታች ሲገፋ ልብ ይጨመቃል፤ በደረት ውስጥ ያለው ግፊትም ይጨምራል። በልብ ውስጥ ያሉት ክዳኖች የሚከፈቱት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለኾነ ደሙ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም፤ ወደ ፊት ወደ ደም ቧንቧዎች ይገፋል። እጅ ሲለቅ ደግሞ የጎድን አጥንቶች እንደ ስፕሪንግ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ባዶው ቦታም እንደ ገና በደም ይሞላል። ወናፍ የሚነፋው ሲጫኑት ብቻ አይደለም፤ ሳይለቁት አየር አይሞላምና። በደረት ላይም መልቀቅ የመጫንን ያህል ሥራ ነው። ግፊቱ የሚጓዘው በሞገድ ነው። ውኃ በተሞላ የፓምፕ ቱቦ አንዱ ጫፍ ላይ ሲገፋ በሌላው ጫፍ ያለው ውኃ ወዲያው እንደሚወጣ ሁሉ፣ በደረት ላይ ያረፈው ግፊት ደሙ ራሱ ከሚፈስበት ፍጥነት ቀድሞ እስከ አንገትና እስከ ጭን ድረስ ይደርሳል። አንገት ላይ የሚዳሰሰው የደም ትርታ ይህ ሞገድ ነው።

ጀምስ ጁድ የሚባሉ ወጣት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከሁለቱ ጋር ተጨመሩ። መሐንዲሶቹ ኀይሉን፣ ሐኪሙ ሰውነቱን ያውቃሉ። የት ቢጫኑ፣ ምን ያህል ቢያዝቁ፣ በምን ፍጥነት ቢደጋግሙ ሞገዱ ከፍ እንደሚል በውሾች ላይ እየለኩ መረመሩ። ለዚህ ዕውቀት ብዙ ውሾች ሕይወታቸውን ከፍለዋል። በ1959 ጁድ ለቀዶ ሕክምና በማደንዘዣ ላይ እንዳለች ልቧ የቆመባትን የ35 ዓመት ሴት ደረቷን ሳይከፍቱ በእጃቸው እየተጫኑ ልቧን መለሱላት።

ሦስቱም ሥራቸውን በጁላይ 9 ቀን 1960 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት አሳተሙ። ዘዴው በሆስፒታል ውስጥ በ20 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ 14ቱ እንደተረፉ ገለጹ። ከጽሑፉ ውስጥ ዓለምን ያነቃነቀው አሳብ ግን ቁጥሩ አልነበረም። ይህ ሥራ ከሁለት እጅ በቀር ምንም እንደማይፈልግና በየትኛውም ቦታ ማንም ሊያደርገው እንደሚችል ማስታወቁ ነበር። ሠላሳ ዓመት መሣሪያ ሲሠሩ የኖሩ ሰው መሣሪያ በሌለበት ስለሚደረገው ነገር መሰከሩ።

እዚህ ላይ መታወስ ያለበት ሌላ ሰው አለ። ፍሪድሪኽ ማስ የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም በጎቲንገን ከተማ ልባቸው የቆመባቸውን ሁለት ሕሙማን ደረታቸውን በመጫን እንዳዳኑ በ1892 ጽፈው ነበር። እንዲያውም የተጠቀሙበት ፍጥነት በደቂቃ ከ120 በላይ ነበር፤ ይህም ዛሬ ከሚመከረው ብዙም አይርቅም። ጽሑፋቸው ግን ከመጽሔት ገጽ አልወጣም። ወደ 70 ለሚጠጋ ዓመት፣ ማስ ያወቁት ነገር በዓለም ላይ እያለ፣ ሰዎች ባለማወቅ ሞቱ። ዕውቀት መኖሩ ብቻውን ማንንም አያድንም፤ ወደ ሰው እጅ መድረስ አለበት። የእነ ኮወንሆቨን ሥራ ከማስ ሥራ የተለየው ከኅትመቱ በኋላ ባልቆመው የማስተማር ሥራ ነው።

በዚያው በባልቲሞር ከተማ ፒተር ሳፋር የተባሉ ሐኪም አንድ ሰው ከሳንባው የሚያወጣው አየር የሌላውን ሕይወት ለማቆየት እንደሚበቃ አረጋግጠው፣ ከአፍ ወደ አፍ የሚሰጥ ትንፋሽን ያስተምሩ ነበር። በሴፕቴምበር 1960 በሜሪላንድ የሕክምና ማኅበር ስብሰባ ላይ ሁለቱ ዘዴዎች፣ ትንፋሽና የደረት ግፊት፣ እንደ አንድ ርዳታ ቀረቡ። ዛሬ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ሲፒአር ተብሎ የሚታወቀው የመጀመሪያ ርዳታ ከዚህ ጋብቻ ተወለደ። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም በ1963 ዕውቅና ሰጠው።

ቀጥሎ የተነሣው ክርክር ይህ ርዳታ የማን ነው የሚለው ነበር። ያልሠለጠነ ሰው ጎድን ይሰብራል፣ ከሚጠቅመው የሚጎዳው ይበልጣል የሚል ስጋት ነበር። በ1966 በአሜሪካ የተካሄደው አገር አቀፍ ጉባኤ ሥልጠናው ለጤና ባለሙያዎች እንዲሰጥ መከረ። ይኹን እንጂ ልብ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ባለሙያ በሌለበት ቦታ ነው። በሲያትል ከተማ ከ1972 ጀምሮ ተራው ሕዝብ በስፋት ሠለጠነ። በ1973 የተሰበሰበው ሁለተኛው ጉባኤ ሥልጠናው ለማንኛውም ዜጋ እንዲሰጥ ወሰነ፤ መመሪያውም በ1974 ታተመ። የ1960ው ጽሑፍ አሳብ በመመሪያ የጸናው ከ14 ዓመት በኋላ ነበር። ኮወንሆቨን ይህን በዐይናቸው አዩ።

ክብርም ዘግይቶ ቢኾን መጣ። በ1961 የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች የኤዲሰንን ሜዳልያ ሸለሟቸው። በ1969፣ በ83 ዓመታቸው፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዶክተር የክብር ዲግሪ ሰጣቸው፤ ዩኒቨርሲቲው እንዲህ ያለ የክብር ዲግሪ ለማንም ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። በ1973 ታዋቂውን የላስከር የሕክምና ሽልማት ተቀበሉ። ኖቬምበር 10 ቀን 1975 በባልቲሞር በ89 ዓመታቸው ዐረፉ።

ኮወንሆቨን ካለፉ ግማሽ ምእት ዓመት ቢቆጠርም ጥያቄያቸው ወደ እኛ ቀዬ እየቀረበ ነው። መብራት ወደ ገጠር ቀበሌዎች እየዘለቀ ነው፤ ወፍጮው፣ የመስኖ ፓምፑ፣ የብየዳ መሣሪያው በኮረንቲ ይሠራሉ። በክረምት መብረቅ በማሳና በዛፍ ሥር ሰው ይመታል። ወንዙና ኩሬው ሕፃናትን ይወስዳል። አምቡላንስ ከሚመጣበት መንገድ አንጻር የጎረቤት እጅ ሁልጊዜም ይቀርባል። ስለዚህ መሐንዲሱ ያስረከቡትን ሥራ በዛሬው መመሪያ መሠረት ማወቅ ይገባል።

መጀመሪያ አዳኙ ራሱ እንዳይሞት ይጠንቀቅ። ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጅ መንካት አይገባም፤ ከሁሉ አስቀድሞ ኮረንቲው ከቆጣሪው ይቋረጥ። የወደቀው ሽቦ የከፍተኛ ኀይል መስመር ከኾነ በደረቅ እንጨትም ቢኾን መጠጋት አደጋ ነው፤ የሚመለከተው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ኀይሉን እስኪያቋርጥ መራቅ ያስፈልጋል። መብረቅ የመታው ሰው ግን በሰውነቱ ላይ የቀረ ኤሌክትሪክ ስለሌለ ወዲያውኑ ቢነኩት ጉዳት የለውም።

ከዚያ ሰውየውን በድምፅና ትከሻውን በመነቅነቅ መቀስቀስ ነው። ካልመለሰና በአግባቡ ካልተነፈሰ ልቡ እንደቆመ ይቆጠራል። አልፎ አልፎ የሚያወጣው የማጣጣር ትንፋሽ እንደ ትንፋሽ አይቆጠርም። አንዱ ሰው አምቡላንስ ይጥራ፤ ሌላው ደረት መጫን ይጀምር።

ሰውየው በጀርባው በደረቅ መሬት ላይ ይተኛ። በጠፍር አልጋ ወይም በፍራሽ ላይ ከኾነ የሚሰጠው ኀይል አልጋውን ወደ ታች ያሰምጠዋል እንጂ ደረቱን አይጨምቅም። የአንድ እጅ መዳፍ ሥር በደረት አጥንት ታችኛው አጋማሽ ላይ፣ በደረት መሐል ይቀመጥ፤ ሌላው እጅ በላዩ ይደረብ። ክንድ ቀጥ ይበል፤ ትከሻ ከእጆቹ በላይ ይኹን። የአዋቂን ደረት በሚገባ ለማዝቀጥ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ግራም ክብደት የሚያህል ግፊት ያስፈልጋል። ክንዱን እያጠፈ የሚገፋ ሰው በጡንቻው ስለሚሠራ ቶሎ ይደክማል፤ ክንዱን ቀጥ ያደረገ ግን የሰውነቱን ክብደት ያሠራዋል።

የጥልቀቱ መጠን ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው፤ እነ ኮወንሆቨን በ1960 የጻፉት 60 ያህል ነበር፤ ኋላ በተደረገ ጥናት ከፍ ብሏል። ሥራው ቡና በሙቀጫ እንደ መውቀጥ እጅን እያነሡ መምታት አይደለም። እጅ ከደረት ሳይነሣ መጫን፣ ከዚያም ደረቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው እስኪመለስ ክብደትን ማቅለል ነው። የሠለጠነ ሰው ከ30 ግፊት በኋላ ሁለት ትንፋሽ ይሰጣል። ያልሠለጠነ ሰው ሳያቋርጥ ደረት ብቻ ቢጫንም ይጠቅማል። ውኃ ውስጥ የሰመጠ ሰውና ሕፃን ግን አየር አጥተው ስለኾነ ልባቸው የቆመው፣ ትንፋሽ የሚችል ሰው ካለ ትንፋሹ በጣም ያስፈልጋቸዋል። የሕፃን ደረት የሚጫነው የደረቱን ውፍረት አንድ ሦስተኛ ያህል ነው፤ ከአንድ ዓመት በታች ያለው ሕፃን ደረቱ በሁለት እጅ ተከብቦ በሁለቱ አውራ ጣቶች ይጫናል።

በግፊቱ ጊዜ ጎድን ቢሰበር ሥራው አይቋረጥም፤ ጎድን ይጠገናል። በደንብ የተሰጠ የደረት ግፊት የሚያዘዋውረው ደም ጤናማ ልብ ከሚያዘዋውረው ከአራት አንድ እስከ ከሦስት አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ትንሽ ቢመስልም አንጎልን በሕይወት ለማቆየት የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው። የተጫኑት ሁሉ አይነሡም፤ በተለይ ከሆስፒታል ውጭ የሚተርፉት ጥቂቶች ናቸው። ያልተጫኑት ግን የመትረፍ ዕድላቸው በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል።

ይህ ሥራ ጉልበት ይጨርሳል። ስለዚህ በየሁለት ደቂቃው መቀያየር ይመከራል። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ በሰፈራችን ሰው ሲወድቅ የሚሰበሰበው ጎረቤት ይህን ለማድረግ ይበቃል፤ የሚቀረው አስቀድሞ መማር ነው። ቀይ መስቀልን የመሰሉ ተቋማት የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ይሰጣሉ፤ በየቀበሌው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችንም መጠየቅ ይቻላል። በአንድ ትራስ ላይ የሚደረግ የግማሽ ቀን ልምምድ ብዙ ነው።

ምሰሶ ሥር ለወደቀው ሠራተኛ መፍትሔ ሊፈልጉ የተነሡት መሐንዲስ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያገኙት መልስ ከሠራተኛው ጎን ቆሞ በነበረው ባልደረባው እጅ ላይ ነበር።